የክሮማሬቭ ጆሮ

ከተማችን ቶልሚንስክ ልጆቿን የምታከብረው ከሞቱ በኋላ ነው፤ በሕይወት ሳሉማ አብዛኞቹን አታውቃቸውም፣ ያወቀቻቸውንም አትወድዳቸውም። ይህን የምለው በምሬት አይደለም። ሰማንያውን ያለፈች ሴት የተወለደችበትን ከተማ ጠባይ እንደ ባል ጠባይ ችላ ትኖራለች።

በወንዙ ዳር ባለው መናፈሻ የታላላቆቻችን ሐውልቶች በአንድ ረድፍ ቆመዋል። ከናፖሌዎን ጋር የተዋጋው ጄኔራል አለ፤ በኮሌራው ዘመን ሀብታሞቹ ሁሉ ሲሸሹ ከተማዋን ያልለቀቀው ሐኪም አለ፤ ሌሎችም አሉ። ጎረቤታችን የሆነችው ከተማ ያላት አንድ ባለቅኔ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን መንገደኛ ሆኖ ሲያልፍ ጉንፋን ይዞት ከእንግዳ ማረፊያ ሦስት ሳምንት የተኛ ነው እያልን እንስቅባቸዋለን። በረድፉ መጨረሻ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ መልሶ የቆመው መርከበኛው ኒኪፎር ክሮማሬቭ ነው። በእቴጌዎቹ ዘመን ከዚህ ተነሥቶ በምሥራቁ የበረዶ ባሕር ውስጥ አንዲት ደሴት አገኘ፤ ከዚያም አልተመለሰም። የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ ነው። የምተርከው ስለዚያ ጆሮ ነው።

ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት የከተማው አስተዳደር ሐውልቶቹ እንዲሠሩ ወሰነ። ጄኔራሉ የዘይት ቀለም ሥዕል ነበረው፤ ሐኪሙም ፎቶግራፍ ነበረው። የክሮማሬቭን መልክ ግን የሣለም ሆነ የጻፈ አልተገኘም። ስለዚህ ቀራጩ ዛካር የርሞላየቪች ፊቱን ከራሱ አእምሮ አፍልቆ በሸክላ እንዲያበጅ፣ አንድ ኮሚሽንም አይቶ ካጸደቀው በኋላ በነሐስ እንዲሠራ ታዘዘ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ከሌላ አገር ተሹሞ የመጣ፣ ጓድ ፖሎዞቭ የሚባል ሰው ነበር። የሚፈሩት ግን እርሱ ሳይሆን የሙዚየሙ ኀላፊ አቭጉስታ ሉኪኒችና ነበሩ። ወደ ሙዚየም ከመዛወራቸው በፊት ዕድሜያቸውን በአስተማሪነት ስለ ጨረሱ፣ የከተማውን ሰው እኩሌታ በልጅነቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ጥግ አቁመውታል።

እኔ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ከግላፊራ ጋር፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ማድቤት በሚጋራበት ቤት፣ በአንዲት ክፍል እንኖር ነበር። እናቴ የቲያትር ቤቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። አባቴ ሊዮንቲ ሩቅ ሥራ ላይ ነው ተብዬ ነበር። ስለ እርሱ ከጠየቅሁ ማድቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ድስታቸውን ማማሰል ስለሚጀምሩ፣ መጠየቁን ትቼው ነበር። ትቶን የሄደ፣ የሰለቸነው ሰው አድርጌ አስበው ነበር። በልብስ ሣጥናችን ውስጥ ባለው የፎቶግራፍ አልበም እናቴ በሠርጓ ቀን አበባ ይዛ ቆማለች፤ ከጎኗ ልብሱን ያሳመረ ወንድ አለ፤ ፊቱ ባለበት ቦታ ግን በመቀስ የተቆረጠ ክብ ቀዳዳ አለ። በጣም ቢያስቀይማት ነው እንዲህ የቈረጠችው ብዬ ፈረድሁ።

ዛሬ እንደማውቀው፣ እኔ ገና በጡት ሳለሁ መጥተው ወስደውት ነበር። በዚያ ዘመን የተወሰደን ሰው ፊት ከፎቶግራፍ ላይ የሚቈርጥ መቀስ ያልነበረበት ቤት በመንገዳችን ላይ አልነበረም። እናቴ የቈረጠችው እኔን ፈርታልኝ እንጂ እርሱን ጠልታ አልነበረም። ቈርጣም እሳት ውስጥ ከጨመረች በኋላ፣ የባሏ መልክ በዓለም ላይ የቀረው በእርሷ ራስና በጥቂት ሰዎች ራስ ውስጥ ብቻ ነበር።

በዚያ ክረምት እሑድ በመጣ ቁጥር እናቴ እኔን አስከትላ ወደ ዛካር የሥራ ቤት መሄድ ጀመረች። የሥራ ቤቱ በወንዙ ዳር ያለ አሮጌ የመታጠቢያ ቤት ነበር፤ ከእንጨት ግድግዳው የበርች ዛፍ ቅጠልና የሳሙና ሽታ ገና አልለቀቀም ነበር። ለሰው የሚነገረው ምክንያት ለመርከበኛው የድሮ ዘመን የደንብ ልብስ ኮሌታ ከቲያትር ቤቱ አምጥታ ታስተካክላለች የሚል ነበር። ኮሌታው በአንድ እሑድ አለቀ። መሄዳችን ግን አላለቀም።

ማድቤቱም ይህን ልብ አለ። ጎረቤታችን ስቴፓኒዳ፣ ጎመን ስትከትፍ ቢላዋዋም ምላሷም የማያርፍ ሴት፣ አንድ ቀን ከሁሉ ፊት እናቴን በቁልምጫ ጠርታ፦

«ግላሻ፣ ቁርጡን ንገሪን እንጂ፤ የምታገቢው ድንጋዩን ነው ድንጋይ ጠራቢውን?» አለቻት።

«መጀመሪያ የጠየቀኝን» አለች እናቴ፣ ከላምባ ምድጃው ቀና ሳትል። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም ስቴፓኒዳ ቀደም ብላ ለሌላይቱ ጎረቤት፣ ባል ሲገባ ልጅ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ይወጣል፣ ስንቱን አይተናል ስትል ሰምቻት ነበር።

ስለዚህ በዚያ የመታጠቢያ ቤት ውስጥ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በዚህ ፍርሃት መነጽር ነው። እናቴ ሸክላው ፊት ትቆምና ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ በኋላ ጣቶቿን በእርጥቡ ፊት ላይ፣ ከግንባሩ ጀምራ በአፍንጫው አድርጋ እስከ ከንፈሩ በቀስታ ታወርዳለች። እኔን እንዲያ አድርጋ ነክታኝ አታውቅም ነበር። ዛካር ሸክላ የለበሰ እጁን አንጠልጥሎ ይጠብቃታል።

«ጉንጩ እንዲህ አይሞላም። እዚህ ጋ ጎደል ይላል» ትላለች።

«እሱ ሲስቅ ነው የሚጎድለው።»

«ሲስቅ አይደለም፣ ሲያስብ ነው። አንተ ደግሞ እሱን ሲያስብ መቼ አየኸው? አብራችሁ ስትሆኑ ዓሣ ማጥመድና ማውራት ብቻ ነበር።»

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ሲስቅም ሆነ ሲያስብ ማን አየው? እየተጫወቱ ነው፤ እንደ ባልና ሚስት የልብ ወለድ ነገር አንሥተው ይከራከራሉ ብዬ ተናደድሁ። በአፍንጫው ላይ ሲጨቃጨቁማ ሙሉ እሑድ አለፈ። ዛካር ቀጥ ያለ ነበር ሲል፣ እናቴ ከጉብታው በታች ትንሽ ወደ ግራ ይዘነብላል አለች። በመጨረሻ ዛካር ተሸነፈ፤ ተሸንፎም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያኮረፈ መሰለኝ።

አንድ ቀን ደግሞ እኔን ጠሩኝ።

«ታይካ፣ ነይ እስቲ እዚህ፤ ብርሃኑ ላይ ቁሚ» አለች እናቴ። ዛካር እንደ መቀስ የሚከፈት የብረት መለኪያ አንሥቶ ከአገጬ እስከ ከንፈሬ፣ ከዚያም የመንጋጋዬን ወርድ ለካ። ብረቱ ይቀዘቅዝ ነበር። እናቴ አገጬን በሁለት ጣት ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችውና፣ «ይኸው፣ ይኼን አልፈጠርኩትም፤ ከዚህ ውሰደው» አለችው።

ለምን እንደምለካ ወዲያው ገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ ማለቴ ነው። በማሳደጊያ የሚኖሩ ልጆች ሁሉ ከአገጭ በታች የሚታሰር አንድ ዓይነት ግራጫ ቆብ ያደርጉ ነበር። ቆቤን እየለኩልኝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምኞቴ አንድ ሆነ፦ ኮሚሽኑ መጥቶ ይህን ራስ ይጣለው። ራሱ ከተጣለ ዛካር ዋጋ ያጣል፣ እናቴም ትተወዋለች፣ እኔም ከቤቴ አልወጣም።

ኮሚሽኑ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዛካር ወደ ክፍላችን መጣ። እናቴ ሳሞቫሩን አቀረበችለት፤ እርሱ ግን ሻዩን ሳይቀምስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለምናት ጀመር። እኔ መጋረጃው ጀርባ አልጋዬ ላይ ሆኜ አዳምጣለሁ።

«ያለዚያ ጆሮ እኮ እሱ አይደለም፣ ግላሻ።»

«ሙሉ አድርገው አልኩህ። ሌላው ፊት የማንም ሊሆን ይችላል፤ ያ ጆሮ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው። የአቭጉስታ ሉኪኒችና ዓይን ደግሞ አይስትም።»

«አሮጊቷ ረስተውት ይሆናል።»

«እሳቸው? እሳቸው የረሱትን ልጅ እስቲ አንድ ጥራልኝ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ሥራቸው ስህተት እንዳለበትና አሮጊቷ እንዳያገኙት መፍራታቸውን ነው። ስለዚህ አቭጉስታ ሉኪኒችናን፣ አንድም ቀን አናግሬያቸው የማላውቃቸውን ሴት፣ በልቤ ወገኔ አደረግኋቸው።

ነገሩ ቢታወቅ ኖሮ ዛካርም እናቴም ወደ አባቴ መንገድ መሄዳቸው አይቀርም ነበር፤ የሕዝብ ጠላት የተባለን ሰው ፊት በሕዝብ መናፈሻ ማቆም በዚያ ዘመን እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። እኔንም በእርግጥ ግራጫው ቆብ ይጠብቀኝ ነበር። መፍራት የሚገባኝን በትክክል ፈርቻለሁ፤ የተሳሳትሁት ከየት እንደሚመጣ ነው።

ኮሚሽኑ የመጣው በወንዙ ላይ ያለው በረዶ መሰንጠቅ በጀመረበት ሰሞን ነው፤ የስንጥቁ ድምፅ በየጊዜው እንደ ሩቅ መድፍ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ጓድ ፖሎዞቭ የቆዳ ቦርሳውን በብብቱ ይዞ ራሱን ሁለት ጊዜ ዞረው፤ ደፋር ፊት ነው፣ የሠራተኛ ሕዝብ ፊት ነው አለ፤ ከማን ላይ እንደ ተወሰደም ጠየቀ። ዛካር ከአእምሮዬ ነው አለ። እናቴ ሸክላው እንዳይደርቅ የሚሸፈንበትን እርጥብ ጨርቅ በሁለት እጇ ይዛ በግድግዳው ጥግ ቆማለች። ከጨርቁ ውኃ በጫማዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ አላወቀችውም።

አቭጉስታ ሉኪኒችና በመጨረሻ ገቡ። ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ በክር የታሰረ መነጽር በደረታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የሱፍ ቡት ጫማቸውን በደጃፉ ላይ አራግፈው። መነጽራቸውን አደረጉና ሸክላውን አዩት። ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ያለ ምንም ምክንያት ዘወር ብለው እኔን አዩኝ። በክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ እጄን ወደ ጎን ጥዬ ቀጥ አልሁ። መልሰው ሸክላውን አዩ።

«ይህ ራስ ስህተት አለበት» አሉ።

የእኔ ልብ በደስታ ዘለለ።

«ጆሮው ነው። ጓድ ፖሎዞቭ፣ በዚያ ባሕር ላይ ሁለት ክረምት የከረመ ሰው ጆሮው እንዲህ እንደ ሙሽራ ጆሮ ተሟልቶ አይገኝም። ሙሉ ጆሮ ያለው የበረዶ ባሕር መርከበኛ የሚገኘው ቲያትር ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ከተማችን እንዲሳቅባት ትፈልጋላችሁ?»

ጓድ ፖሎዞቭ ከተማዋ እንዲሳቅባት እንደማይፈልግ ተናገረ።

«የትኛው ጆሮ?» አለ ዛካር።

«ግራው» አሉ። የቀኝ እጃቸውን ጓንት አወለቁና፣ እጃቸውን ወደ ሸክላው አቅርበው፣ የግራ ጆሮውን አናት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቈንጥረው አነሡት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቈነጠሩት፤ መጠኑንም ለማየት ወደ ኋላ አላሉም። «አሁን ትክክል ነው። ኮሚሽኑ በዚህ እርማት ቢያጸድቀው ተቃውሞ የለኝም።»

እናቴ በጥጉ ባለው የመታጠቢያ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በእርጥቡ ጨርቅ ሸፈነች። ጓድ ፖሎዞቭ ልብስ ሰፊዋ ምን ሆነች ብሎ ጠየቀ።

«ክረምቱን ሙሉ ስትለፋ ነበር» አሉ አቭጉስታ ሉኪኒችና ጓንታቸውን እያጠለቁ። «በሥራው ስህተት ሲወጣበት የማይከፋው ሰው የለም። ይለፍላታል።» ከዚያም ሊወጡ ሲሉ በእናቴ አጠገብ ቆም ብለው፣ «ቀና በይ፣ ግላፊራ። እንዲህ ጎብጠሽ ልጅቱም ትለምደዋለች» አሏትና ሄዱ።

ጠላኋቸው። ራሱን ያስጥሉልኛል ብዬ ተስፋ ያደረግሁባቸው ሴት ጥፍር በምታህል ነገር እናቴን በሰው ፊት አዋርደው፣ ራሱን ደግሞ አጸደቁት። ከዚያ በኋላ በመንገድ ባየኋቸው ቁጥር ወደ ማዶ እሻገር ነበር፤ እርሳቸውም አይተው እንዳላየ ያልፉኝ ነበር። ሲሞቱ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እናቴ ቀብራቸው ላይ ስትቆም እንዴት እንዲህ ክብር አጣች ብዬ ተገረምሁ።

እውነቱን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከሰሜኑ የግዞት ካምፖች የተረፉት ሰዎች አንድ አንድ እያሉ መመለስ በጀመሩበት፣ አባቴ ግን ከማይመለሱት ወገን መሆኑ በተነገራት ሰሞን ነው። ድንች እየላጥን ነበር። አባቴ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከወንዙ ማዶ በረዶውን በእግሩ ተሻግሮ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ነፋስ ቆቡን ወሰደበት። ሲደርስ ግራ ጆሮው እንደ ሻማ ነጥቶ ነበር። አቭጉስታ ሉኪኒችና ትምህርቱን አቋርጠው፣ በምድጃው አጠገብ በጉልበታቸው አስቀምጠው፣ የዝይ ስብ እየቀቡ እስከ ቀትር አሹለት። ጫፏን ግን ማዳን አልቻሉም።

«ያንን ጆሮ ከእኔ በፊት የነኩት እሳቸው ናቸው» አለች እናቴ። «እኔና ዛካር ፈርተን የተውነውን እሳቸው መለሱለት።»

ድንቹን ልጣ ጨረሰች፤ እኔም ውኃ ቀዳሁ።

ወደ ልጅነቴ ልመለስ። ሐውልቱ በበጋ ተመረቀ። የማርሽ ሙዚቃ ተነፋ፤ ጓድ ፖሎዞቭ ስለ ባሕርና ስለ ድፍረት ተናገረ፤ ጎረቤቶቻችን መርከበኛውን ደመ ግቡ ነው አሉት። ዛካር እናቴን አላገባትም። በመከር ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ሲሰናበተን የእኔን እጅ እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠኝ። ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር።

በተከታዩ ዓመት ፋሲካ አለፈ። ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ በእኛ ዘንድ የሙታን ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ በሽንኩርት ልጣጭ የቀላ እንቁላልና የገብስ ቂጣ ይዞ ወደ መቃብር ይሄዳል፤ እንቁላሉን በመቃብሩ ላይ ያኖራል፤ ፍርፋሪውን ለወፎች ይበትናል። እናቴ የአያቶቼን መቃብር ካዳረሰች በኋላ በመናፈሻው በኩል ተመለሰች። በክሮማሬቭ ሐውልት ሥር አንድ እንቁላል አኖረች። ለማን ነው ብላት ለወፎች ነው አለችኝ። ወፎች እንቁላል እንደማይበሉ ባውቅም አልተከራከርኋትም፤ ለዚህ ለነሐስ ሰው ያላት ፍቅር አሁንም አልለቀቃትም ብዬ አፈርሁላት።

በየዓመቱ አደረገችው። አንድ ዓመት ስቴፓኒዳ ከኋላዋ ደረሰችባትና ምን እየሠራሽ ነው አለቻት። እናቴ ሳታመነታ፣ የድሮ ልማድ ነው፤ ባሕርና በረዶ ለወሰዱት፣ መቃብር ለሌለው ሰው ይቀመጣል፣ ክሮማሬቭ የእነሱ አለቃ ነው አለች። እንዲህ ያለ ልማድ በቶልሚንስክም ሆነ በሌላ ቦታ ኖሮ አያውቅም። ስቴፓኒዳ ዝም አለች፤ ያቺ ሴት ዝም ስትል ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። በተከታዩ ዓመት ከእናቴ እንቁላል አጠገብ ሌላ እንቁላል ተቀምጦ አገኘን። የስቴፓኒዳ ልጅ በጦርነቱ የት እንደ ወደቀ ሳይታወቅ የቀረ ነበር።

ከዚያ ሁለቱ አምስት ሆኑ፣ አምስቱም ቁጥር አጡ። እናቴ ስትሞት የሐውልቱ መቆሚያ በሙታን ማክሰኞ ከላይ እስከ ታች ይቀላ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት የታሪክ ሊቅ የእውነተኛውን ክሮማሬቭን ትንሽ ሥዕል ከዋና ከተማው አገኘ። ሁለት አገጭ ያለው፣ ዱቄት የተነፋበት ሰው ሠራሽ ጠጉር ያደረገ፣ ጆሮዎቹም ሙሉ የሆኑ ወፍራም ሰው ነው። ወጣቱ እውነት ይከበር ብሎ ሐውልቱ እንዲለወጥ ለከተማው ምክር ቤት አቤት አለ። ከታዛቢዎቹ ጋር ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁት። አነጋገሩ የተስተካከለ፣ ማስረጃውም የማይነቀፍ ነበር፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። በጉባኤው መካከል ግን አንዲት የገበያ ቦታ ተመራጭ ተነሥታ፣ «የእኔ ወንድም በውኃ ነው የጠፋው። ለዚያ ለወፍራሙ እንቁላል የሚያኖር ካለ ያኑር፤ እኔ የማኖረው ለዚህኛው ነው» አለችና ተቀመጠች። ወፍራሙ ሥዕል በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል፣ ሐውልቱ እንዳለ እንዲቆይ ተወሰነ።

ዘንድሮም ሄጄ ነበር። እንቁላሌን አኑሬ ሳበቃ አንዲት ወጣት አስጎብኚ የትምህርት ቤት ልጆችን አሰልፋ ደረሰች። ይህ ልማድ ከካፒቴኑ ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው፤ የመርከበኞቹ ሚስቶች የሄደው እንዲመለስ ብለው ያኖሩ ነበር ብላ አስረዳቻቸው። በጠራ ሐሳብና በጥሩ ቋንቋ ነው የተናገረችው፤ የማርማት ነገር አላገኘሁም።

ከልጆቹ መካከል አንዲት ጉንጯ የቀላ ልጅ ሐውልቱን ትታ እኔን ስታይ ቆየች።

«አያቴ፣ እርስዎ ያውቁታል እንዴ?»

«አይ፤ ሲሄድ ሕፃን ነበርኩ» አልኋት።

ይህን አላጤነችውም። አንገቷን ቀልሳ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ እያየች፣ «አገጫችሁ ግን አንድ ነው» አለች።

አስጎብኚዋ ደንግጣ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም ብላ ተቆጣቻትና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ችግር የለም አልኋት። ልጅቱ በደንብ እንድታየው ብዬ፣ ያኔ እናቴ በሁለት ጣቷ ይዛ እንዳዞረችው አገጬን ወደ ብርሃኑ አዞርሁላት።